ላልቶ የሚነበብ ቃል

አንድ ቃል አጥብቄ አነበብሁ፤ ላልቶ መነበብ ነበረበት። ስሕተቴ ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የምተርከው ሁሉ የዚህ ስሕተት ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም፤ ለአንባቢው ይተውለታል፤ አንባቢውም ክፍተቱን በልቡ ባለው ነገር ይሞላዋል። ዕድሜዬን የሌሎችን ጽሑፍ በማረም የገፋሁ ሰው እንደ መሆኔ ይህን መጠንቀቅ ይገባኝ ነበር። ሆኖም ጓደኛዬ ስለ ስድሳኛ ዓመት ልደቱ የጻፈልኝን አንዲት ቃል በሌላ ድምፅ ሰማኋት፤ ለዚያ ድምፅም የሁለት ወር ደመወዜን አወጣሁ።

ቃሏ «ዋና» ነበረች። ስትጠብቅ እውነተኛውን፣ ሌላው ሁሉ የተቀዳበትን ነገር ትጠራለች፤ ስትላላ ደግሞ ሰው በውሃ ላይ ተንሳፎ የሚሄድበትን ጥበብ።

ጓደኛዬ ጠራዥ ነው። እኔ በማተሚያ ቤቱ ላይኛው ፎቅ፣ ግድግዳ በሚያይ መስኮት ሥር ተቀምጬ አርማለሁ፤ እሱ ምድር ቤት፣ የወረቀት መቁረጫው እያጓራ፣ መጻሕፍት ይሰፋና ያጣብቅ ነበር። «ሙጫ» ይሉታል፤ አንድም ስለ ሥራው፣ አንድም የያዘውን ሰው ስለማይለቅ። እኔን የያዘኝም እንደዚያው ነው። ማንም ሳያስተዋውቀን አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ብርጭቆውን ይዞ መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ፤ በማግስቱም መጥቶ ተቀመጠ። «አራት ነጥብ» የሚለውን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። «እኔ ወሬ ስከፍት እሱ ይዘጋል» እያለ ለሰው ሁሉ ያማኝ ነበር፤ ስሙ ከምድር ቤት ተነሥቶ እስከ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ደረሰ።

በማተሚያ ቤታችን ደራሲው ያስረከበው ጽሑፍ «ዋናው» ይባላል፤ ከዚያ የተባዛው ቅጂ ነው። እኛ ሁለታችን ይህን አነጋገር ከሥራው አውጥተን በዓለም ሁሉ ላይ ሠራንበት። ሻይ ሲቀጥንብን «ይህቺ ዋና ናት ወይስ ቅጂ?» እንባባላለን። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ፈገግ ሲል ሙጫ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቅጂ ነው፤ ያውም ቀለም ሊያልቅ ሲል የወጣ» ይለኛል። ከሁሉ ይልቅ የምንስቅባት ግን የእጅ ሰዓቱ ነበረች። ከመንገድ ዳር የገዛት፣ የታወቀ ስም የተጻፈባት ሰዓት ናት፤ ከስሙ አንድ ፊደል መጉደሉን የደረስሁበት እኔ ነኝ። እሱ ቅር አላለውም። «ጎደሎዋን አልደበቀችም እኮ፤ ከስንቱ ሰው ትሻላለች» አለኝ። ብዙ ጊዜ በቀትር ላይ ትቆማለች፤ እሱም እጁን አራግፎ ያስነሣታል።

በኋላ ሙጫ ማተሚያ ቤቱን ለቀቀና የራሱን ትንሽ መጠረዣ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሱቁ ማዶ ባለው ሻይ ቤት ነው። ለእሱ ቅዳሜ ከሳምንቱ ቀናት አንዱ ነበር፤ ሚስት አለችው፣ ልጅ አለችው፣ አማች፣ ደንበኛ፣ ጎረቤት አለው። ለእኔ ግን የቀሩት ቀናት ወደ ቅዳሜ የሚያደርሱ መተላለፊያዎች ነበሩ። በቤቴ ሁለት ወንበር አለ፤ የአንደኛው መቀመጫ ተበልቷል፣ የሌላው ጨርቅ ከሱቅ እንደ ወጣ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ቢነገርስ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

ልደቱ ሊደርስ ሲል በነበረች አንዲት ቅዳሜ ሙጫ ወገቡን ይዞ፣ ወንበሩን እየፈራ ተቀመጠ።

«ሐኪሙ ውሃ ውስጥ ግባ አለኝ» አለ። «ቆሞ የደከመ ወገብ የሚያርፈው ውሃ ላይ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ውሃ ከብርጭቆ ካለፈ እፈራዋለሁ። አንተ እኮ የሐይቅ ዳር ልጅ ነህ።»

«ሐኪም የሚለው ሲያጣ ውሃ ያዛል» አልሁና ይዤው ወደ መጣሁት ረቂቅ ተመለስሁ።

«ይኸው፣ አራት ነጥብ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ሳምንት በስልክ ጻፍሁለት፦ «ለስድሳኛህ ምን ላምጣልህ?» መልሱ ሳይቆይ መጣ፦ «ዋና። ከአንተ ሌላ አልፈልግም።»

አጥብቄ አነበብሁት። ስለ ሰዓቱ መሆኑ ለቅጽበት እንኳ አላጠራጠረኝም። ይህን ሁሉ ዓመት በቅጂው እየሳቀ የኖረ ሰው በስድሳ ዓመቱ ዋናውን ተመኘ፤ ምኞቱንም ከዚያ ሁሉ ዘመድና ወዳጅ መርጦ ለእኔ ነገረኝ።

የቸገረኝ ዋጋው ነበር። ሰዓቱን መሐል ከተማ በአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ፣ ከበታቹ የዋጋ ወረቀቱ በትሕትና ተገልብጦ አየሁት። ጠየቅሁ፤ የሁለት ወር ደመወዜን ያህል ነው። ቤቴ ተመልሼ ተብሰለሰልሁ። ገንዘቡን አጥቼ አይደለም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ወጪው ትንሽ ነው። የሚያንገላታኝ ሌላ ነበር። የስጦታ ዋጋ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ አለው። ጥቂት ባወጣ «ከማውቃቸው ብዙ ሰዎች አንዱ ነህ» ማለቴ ነው፤ ይህ ሐሰት ነው። ብዙ ባወጣ «ከአንተ በቀር ማንም የለኝም» ማለቴ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ነገር ግን በእንግዳ ፊት በሚከፈት ሣጥን የሚቀመጥ እውነት አይደለም። በመካከል ያለውን ልከኛ፣ ጨዋ ዋጋ ፈለግሁ። ሸሚዝ፣ ብዕር፣ የቆዳ ቦርሳ እያልሁ በሐሳቤ ከሱቅ ሱቅ ዞርሁ፤ ሁሉም ከሌላ ሰው ለሌላ ሰው የተሰጡ መሰሉኝ።

ሲጨንቀኝ ታናሽ እህቴ ጋ ደወልሁ። ሩቅ ከተማ ባል አግብታ የምትኖር፣ ስልክ ላይ ሆና ልብስ የምታጥፍ ሴት ናት።

«ወንድምጋሼ፣ ስንት ነው ያልከኝ?»

ደገምሁላት።

«ቆይ፣ እኔ ስዳር ምን ነበር የሰጠኸኝ?»

«መዝገበ ቃላት።»

«አዎ፣ መዝገበ ቃላት! ባሌ እስከ ዛሬ በሩ እንዳይዘጋ ያስደግፍበታል። ለሙጫ ሲሆን ግን ወርቅ ይነጠፍ!»

«ወርቅ አይደለም፤ ብረት ነው።»

«ተወኝ እስቲ፣ ብረት ይላል። እሺ፣ እሱስ ለልደትህ ምን ሰጥቶህ ያውቃል?»

«ልደቴ መቼ እንደሆነ አያውቅም። ነግሬው አላውቅም።»

የጨርቁ መንኮሻኮሽ ቆመ። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«አይ ወንድምጋሼ! ይሄ የሰዓት ዋጋ አይደለም እኮ።»

የምን ዋጋ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድሁ።

ሻጯ ጨዋታ አዋቂ ወጣት ነበረች። «ለልጅዎ ነው፣ አባባ?» አለችኝ።

«ለጓደኛዬ ነው።»

«ውይ! እኔም እንዲህ ያለ ጓደኛ በኖረኝ! የኔዎቹ ሻይ ጋብዘውኝ ሒሳቡን ለኔ የሚተዉ ናቸው።»

በሰዓቱ ፊት ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አነበብሁ። ምንም አልጎደለም። ገንዘቡን ሳስረክብ ያወጣሁት ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሰዎች ለሚስት፣ ለልጅ ምርቃት፣ ለወንድም ልጅ ሠርግ እየቆረሱ በዕድሜያቸው ሙሉ የሚበትኑትን እኔ የምበትንበት አጥቼ ኖሬ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰው አፈሰስሁት። ሱቁን ስለቅ ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱን ያቋረጥሁት ቸኩዬ እንደነበረ፣ አንድ አሽከርካሪም አንገቱን አውጥቶ እንደሰደበኝ አስታውሳለሁ፤ ስድቡን እንኳ ወደድሁት።

የልደቱ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ በተሰቀሉት ካፖርቶች መካከል ቦታ አገኘሁ፤ ሰው ባለፈ ቁጥር «ይቅርታ» እየተባልሁ ወደ ጎን እላለሁ። ኬኩ ተቆርሶ ስጦታ መክፈት ሲጀመር ከሩቅ አያለሁ። ሸሚዝ ወጣ፣ ሌላ ሸሚዝ ወጣ፣ የትራስ ዓይነት ነገር ወጣ። የእኔ ሣጥን ሲከፈት አማቹ አፏጨ።

«ሰውዬው ባንክ ሰብሯል!» አለ አንዱ፤ ሁሉም አውካኩ።

ሙጫ ግን አልሳቀም። ሰዓቱን ከሣጥኑ ሳያወጣ ቆይቶ ቆይቶ ተመለከተው። ከዚያ ቀና ብሎ በሰዎቹ መካከል በዓይኑ ፈለገኝ።

«ይሄን ያህል ከበደህ እንዴ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ስለ ዋጋው የጠየቀኝ መሰለኝ። «ኧረ ምንም አልከበደኝም!» አልሁት በኩራት።

ራሱን ነቅንቆ ሣጥኑን ዘጋው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ አንቱ ሊለኝ ምንም ባልቀረው ጨዋነት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ስደውል ወገቡን አሞታል ተባልሁ። በሌላውም ቅዳሜ አልመጣም። ሚስቱ ስልኩን አንሥታ «ተኝቷል» ስትለኝ ከጀርባዋ የሙጫ ሳል ይሰማኛል፤ እሷም እንደምሰማው ታውቃለች። ሻይ ቤት ብቻዬን እየተቀመጥሁ እጠብቃለሁ። አስተናጋጁ መጀመሪያ ሁለት ብርጭቆ አምጥቶ አንዱን ይመልስ ነበር፤ በኋላ አንድ ብቻ ማምጣት ጀመረ። ከሁሉ ይልቅ የጎዳኝ ይህ ደግነቱ ነው።

አንድ ቀን በሻይ ቤቱ መስኮት ተሻግሬ ወደ መጠረዣው አየሁ። ሙጫ በራፉ ላይ ቆሞ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል፤ በክንዱ ላይ ያቺው አሮጌ ሰዓት አለች፤ ሲነጋገር እጁን አራገፈ። ያን ጊዜ ቁርጡን ያወቅሁ መሰለኝ። ልክ ማጣቴ ነው ያራቀው ብዬ ደመደምሁ። ብቸኝነቴን ዋጋ ለጥፌበት በሰው ፊት አቀረብሁት፤ እሱም አይቶ ደነገጠ። ሸሚዝ ብገዛ ኖሮ ዛሬ ከፊቴ ተቀምጦ ያማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሻይ ቤቱ መሄድ ተውሁ፤ ቅዳሜን መስኮቶች በመጥረግ ማሳለፍ ለመድሁ፤ መስኮቶቼም ጥቂት ነበሩ።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን የሙጫ ልጅ ወደ ቢሮዬ መጣች። ሕፃን ሆና በረቂቆቼ ጀርባ ላይ ሥዕል እየሣለች ያደገች፣ አሁን መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ እምቢ ማለት መብትዎ ነው» አለች። «በገንዘብ መሆን ግን አልነበረበትም።»

«ምኑን ነው እምቢ ያልኩት፣ ልጄ?»

«አባቴን ነዋ! እሱ ሰው ለምኖ አያውቅም። አንድ ቀን ቢለምንዎት በሣጥን አሽገው ሸኙት። ‹ጓደኛዬ ከኔ ለመገላገል ይሄን ያህል ከፍሏል፤ ውድ ሰው ነኝ› እያለ ይቀልዳል። ሰው ሲስቅለት እሱ አይስቅም።»

«እኔ እኮ የጠየቀኝን ነው የሰጠሁት።»

«የጠየቀዎት ዋና ነው!»

ቃሉ ከአፏ ላልቶ ወጣ። የማውቀው ቃል አልመሰለኝም።

«ምን አልሽ?»

«ዋና።»

«እስቲ ድገሚው።»

«ዋና፣ ጋሼ! ውሃ ውስጥ!» ብላ እጆቿን እንደ ዋናተኛ ብታወናጭፍ የጠረጴዛዬን ረቂቆች በተነቻቸው። ወዲያው አፍራ እየለቀመች ቀጠለች። «የመዋኛ ቁምጣ ሁሉ ገዝቶ ነበር፤ መስተዋት ፊት ቆሞ እናቴን አስቋት ነበር። ለሐኪሙም ‹የሚይዘኝ ሰው አለኝ› ብሎታል።»

ስለ ሰዓቷ፣ ስለ ቅጂው፣ ስለ መጥበቅና መላላት ልነግራት አሰብሁና ተውሁት። «ለአባትሽ እነግረዋለሁ» አልኋት ብቻ። ተጠራጥራ አየችኝና ሄደች።

በሯን ስትዘጋ ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን ፈለግሁ። «ዋና። ከአንተ ሌላ አልፈልግም።» ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር «ሌላ ስጦታ ከአንተ አልፈልግም» ብዬ ነበር የተረዳሁት። አሁን «ሌላ ሰው አልፈልግም» የሚል ሆኖ ከፊቴ ቆመ። ፊደሉ ያው ፊደል ነው፤ አንድ ነጥብ አልተጨመረበትም። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ በተባልሁ ጊዜም አልሰማሁትም።

ሮጬ ሄጄ ማስረዳት የሚቀለኝ ይመስላል። አልሮጥሁም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የማልፈልገውን ጥያቄ ራሴን ጠየቅሁ፤ ቃሉን በትክክል አንብቤው ቢሆንስ? ሐይቁን ትቼ ከወጣሁ ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ገላዬን ያየ ሰው ካለ አላስታውሰውም። ሰው በክንዶቼ ላይ ተጋድሞ «እንዳትለቀኝ» ሲለኝ ሳስበው መዳፌን ያልበኛል። ብርዱን፣ ሥራ መብዛቱን፣ ዕድሜዬን ምክንያት አድርጌ አሠልጣኝ ልቅጠርልህ እለው ይሆን ነበር፤ ለአሠልጣኙም አብዝቼ እከፍል ነበር። ቃሉን ያጠበቅሁት በማተሚያ ቤት ልማድ ነው ብዬ ራሴን ማጽናናት እችላለሁ። ነገር ግን ውሃ ብሎ በአፉ ሲነግረኝም አልሰማሁትም፤ ያን ጊዜ የሚጠብቅ ፊደል አልነበረም። ገንዘብ ማውጣት ከሁሉ የቀለለኝ መንገድ ነበር፤ ልጅቱ ሳታውቀው እውነቱን ተናግራለች።

ይህን ይዤ ጥቂት ቀናት ከረምሁ፤ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ መጠረዣው ገባሁ። ሙጫ የመጽሐፍ መጭመቂያውን ጠምዛዛ እጀታ እያዞረ አንድ ወፍራም መዝገብ ያጣብቃል። ቀና አላለም።

«ደኅና ነህ፣ አራት ነጥብ?»

«አጥብቄ ነው ያነበብኩት።»

«ምኑን?»

«የጻፍክልኝን። ዋናውን ሰዓት የፈለግክ መስሎኝ ነው። የዚህቺን» አልሁና ወደ ክንዱ አመለከትሁ።

እጀታውን ለቀቀ። ሰዓቷን አየ፣ እኔን አየ። ነገሩ ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ ሲደርስ አየሁት።

«አንተ እኮ አራሚ ነህ።»

«አዎ።»

«ደመወዝ የሚከፈልህ!»

«እሱም አዎ።»

ሳቁ ከሆዱ ተነሥቶ ወገቡ ላይ ደረሰና አሰቃየው፤ ጠረጴዛውን ይዞ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ሳቀ። ከመሳቢያው ሣጥኑን ጎትቶ አወጣ፤ ሰዓቱ ካስቀመጥሁበት ንቅንቅ አላለም።

«የሰዓቱን ወረቀት አንብቤዋለሁ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ውሃ አይገባውም ይላል። ሰጪውን ነው የመሰለው፤ አንተም ውሃ ስልህ አልገባህም።»

ልስቅ ስል ፊቱ ተለወጠ። ሣጥኑን በመካከላችን አስቀመጠ።

«ደውለህ ለምን አልጠየቅከኝም ትል ይሆናል» አለ። «በስድሳ ዓመቴ ሁለቴ ልለምን? አፈርኩ። እና እስቲ አሁን ንገረኝ፤ ልክ አንብበኸው ቢሆን ትመጣ ነበር?»

ከመቁረጫው በላይ ያለችው አምፖል ጥዝ ትላለች። አዎ ማለት ይቀላል፤ ሁለታችንም እንታረቃለን፣ ቅዳሜ ሻይ እንጠጣለን፣ አስተናጋጁም ሁለት ብርጭቆ ያመጣል።

«አላውቅም» አልሁት። «ምናልባት አልመጣም ነበር።»

ወደ ጣቶቹ አጎነበሰ። የተረፈ ሙጫ ከጣቱ ላይ በጥፍሩ እየላጠ ይጥላል።

«እኔም ውሃውን እችለው እንደሆነ አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሰዓቱን ውሰደው። ሱቁ ከመለሰልህ መልስ፤ ካልመለሰልህ እሰረው።»

ሻጯ ከዋጋው ጥቂት ቀንሳ ተቀበለችኝ። በዚያው መንገድ ሳልፍ የመዋኛ ቁምጣ ገዛሁ፤ ከሁሉ ርካሹን መረጥሁ። ማታም ለሙጫ «ቅዳሜ ጠዋት ወደ መዋኛው እንሂድ» ብዬ ጻፍሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት በሕዝብ መዋኛው ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ቆመን አወለቅን፤ ፎጣዬን እስከ ደረቴ ጠቅልዬ ወጣሁ። ገንዳው ባዶ ነበር ለማለት ይቻላል። ሙጫ በጠርዙ ላይ ቆሞ ውሃውን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። ፎጣውን አስቀምጬ ቀድሜው ወረድሁ። እሱም የመሰላሉን ብረት እንደያዘ እግሩን አስከትሎ ወረደ፤ ውሃው ደረታችን ላይ በሚደርስበት ቦታ በጀርባው አስተኛሁትና በሁለት መዳፌ ደግፌ ያዝሁት።